«አካይያውያን» ሲባል እነማን ናቸው? የአንድ ጥንታዊ የግሪክ ስም አነባበብና አጠቃቀም

ትሮያን የከበበው የአጋሜምኖን ሠራዊት በሆሜር ግጥም ውስጥ አካይያውያን ይባላል። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ለፍርድ የቀረበው ደግሞ በአካይያ አገረ ገዢ ፊት ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስሙ ብዙ ተጉዟል፤ መጀመሪያ ለግሪክ ተዋጊዎች ሁሉ የወል መጠሪያ ነበር፣ ቀጥሎ የአንድ ጠባብ የባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ስም፣ ከዚያ የከተሞች ኅብረት፣ በመጨረሻም የሮም ጠቅላይ ግዛት ሆነ። ስሙን ባገኙበት ሁሉ «የጥንት ግሪኮች» ብሎ መተርጎም ከእነዚህ ውስጥ ለመጀመሪያው ብቻ ይሠራል።

ለመለየት ሦስት ጥያቄ ይበቃል። በመጀመሪያ ጽሑፉ የተጻፈበትንና የሚተርክበትን ዘመን ለየብቻ ማስቀመጥ ነው፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። የግሪክ አገር ተጓዡ ጸሐፊ ፓውሳኒያስ የጻፈው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዘመን ነው፤ የሚተርከው ግን ስለ አጋሜምኖን የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ በዚህ ስም የጠራቸው ማን እንደሆነ ይጠየቃል፦ ራሳቸው ናቸው፣ ጎረቤት ግሪኮች ናቸው፣ ወይስ የውጭ መንግሥት? ሦስተኛው ጥያቄ ወሳኙ ነው፦ በዚያው ገጽ ላይ ከማን ተለይተው ተጠሩ? ከትሮያውያን ጋር ከተፋጠጡ የግሪክ ወገን በሙሉ ናቸው። ከሌሎቹ የግሪክ ነገዶች ከዶርያውያንና ከኢዮንያውያን ጋር ከተቆጠሩ አንድ ነገድ ናቸው። ከኤቶልያውያን፣ ከስፓርታ ወይም ከመቄዶንያ ንጉሥ ጋር ከተዋጉ ኅብረቱ ነው። «መቄዶንያና አካይያ» ተብለው ከተጣመሩ ሁለት የሮም ግዛቶች ናቸው። ዘመኑን ብቻ አይቶ ይህን ጥያቄ የዘለለ ሰው ይሳሳታል፤ በአምስተኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ከዚህ በኋላ ቅ.ል.ክ.) ለምሳሌ ሁለት የተለያዩ የአካይያ ሕዝቦች በሁለት የተራራቁ ቦታዎች በአንድ ጊዜ ይኖሩ ነበር።

በሆሜር ውስጥ

ስሙ ስለ ትሮያ ጦርነት በሚተርከው የሆሜር ግጥም በኢሊያድ ገና በሁለተኛው ስንኝ ላይ ይመጣል፤ በመላው ግጥም ወደ 600 ጊዜ ይደጋገማል። ከእሱ ጋር ሁለት ሌሎች ስሞች እየተፈራረቁ ይገባሉ፦ አርጌዮይ ወደ 180 ጊዜ፣ ዳናኦይ ወደ 140 ጊዜ። ጀማሪ አንባቢ ሦስት የተለያዩ ጦሮች ይመስሉታል። ጦሩ አንድ ነው። ገጣሚው አንዱን ትቶ ሌላውን የሚመርጠው በአብዛኛው ስለ ስንኙ ልክ ነው፣ ስለ ትውልድ ሐረግ ብሎ አይመርጥም።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የሆሜር ስንኝ ስድስት እግር አለው፤ እያንዳንዱ እግር አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል)፣ ወይም ሁለት ረጅም ቀለም ይይዛል፤ የመጨረሻው እግር ሁልጊዜ ሁለት ቀለም ብቻ ነው። አካዮይ የሚለው የግሪክኛ ቅርጽ አጭር፣ ረጅም፣ ረጅም ነው። ስለዚህ አጭሩ ቀለም የአምስተኛው እግር መዝጊያ ይሆንና ሁለቱ ረጃጅሞች ስድስተኛውን እግር ይሞላሉ፤ ስሙ በስንኝ መጨረሻ ላይ የሚበዛው ከዚህ የተነሣ ነው። «ጠጉራቸውን ያስረዘሙ አካይያውያን»፣ «የነሐስ ጥሩር የለበሱ አካይያውያን»፣ «የአካይያውያን ልጆች» የሚሉት ዝግጁ ሐረጎች ከስንኙ ጫፍ ጋር ተለክተው የተሰፉ ናቸው። ዳናኦይ ሁለት አጭርና አንድ ረጅም ነው፤ በተነባቢ ስለሚጀምርም አካዮይ በማይገባበት ክፍተት ይገባል። አርጌዮይ ሦስቱም ረጅም ነው። ይህን ሳያውቁ «እዚህ ላይ ዳናኦይ ያለው ከአርጎስ የመጡትን ለይቶ ነው» ብሎ ንድፈ ሐሳብ መሥራት በየመጽሐፉ የሚታይ ስሕተት ነው።

እንዲህም ሆኖ በሆሜር ውስጥ ጠበብ ያለ አጠቃቀም አለ። በሁለተኛው መዝሙር የመርከቦች ዝርዝር ላይ፣ በ684ኛው ስንኝ፣ የአኪሌስ ሰዎች «ሚርሚዶናውያን፣ ሄሌናውያንና አካይያውያን ይባሉ ነበር» ተብሎ ተጽፏል። እነዚህ 50 መርከብ ይዘው የመጡ የፍትያ ሰዎች ናቸው፤ ዝርዝሩ በጠቅላላ የሚቆጥረው 1,186 መርከብ ነው። በአንድ ግጥም ውስጥ፣ እንዲያውም በአንድ መዝሙር ውስጥ፣ ስሙ ሁሉንም ያጠቃልላል፤ አንዱን ክፍልም ብቻ ያመለክታል። ዛሬ ግሪኮች ራሳቸውን የሚጠሩበት ሄሌናውያን የሚለው ስም በዚያ ስንኝ የአንድ አውራጃ ሰዎች ስም ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ በአምስተኛው መቶ ዘመን ቅ.ል.ክ. ይህንኑ አስተውሎ፣ ሆሜር ግሪኮችን ሁሉ በአንድነት ሄሌናውያን ብሎ እንደማይጠራ፣ ይልቅስ ዳናኦይ፣ አርጌዮይና አካዮይ እንደሚላቸው ጽፏል። የጥንቱ ሰው ራሱ በጥንቃቄ ነው ያነበበው።

በዚያው ዝርዝር ውስጥ ሌላ ነገር አለ፤ ካርታ የሚሠሩ ሰዎች የሚስቱት። በኋላ አካይያ የተባለው የሰሜን ፔሎፖኔዝ ዳርቻ በሆሜር ዘንድ ይህ ስም የለውም። የአጋሜምኖን 100 መርከቦች የመጡባቸው ከተሞች ሲጠሩ ፔሌኔ፣ ኤግዮንና ሰፊዋ ሄሊኬ አሉ፤ አገሩ ግን ኤግያሎስ ተብሏል፣ ትርጉሙም «ዳርቻ» ማለት ነው። የትሮያ ጦርነት ካርታ ላይ በዚያ ቦታ «አካይያ» ብሎ መጻፍ ስሙን ከዘመኑ ቀድሞ ማስቀመጥ ነው።

በሆሜር ሌላው ግጥም በኦዲሴ ውስጥ ደግሞ በ19ኛው መዝሙር የቀርጤስ ነዋሪዎች ሲዘረዘሩ አካይያውያን ከኤቴኦቀርጤሳውያን፣ ከኪዶንያውያን፣ ከዶርያውያንና ከፔላስጋውያን ጋር ይቆጠራሉ። እዚህ ላይ ሦስተኛው ጥያቄ ሥራውን ይሠራል፤ ከጎናቸው ያሉት ሌሎች የደሴቲቱ ነገዶች ስለሆኑ «ግሪኮች» ብሎ መተርጎም አያስኬድም፤ ዶርያውያንም ግሪኮች ናቸውና።

ከሆሜር በፊት፦ የሸክላ ጽላትና የውጭ መዛግብት

ከስሙ በስተጀርባ አንድ የጠፋ ድምፅ አለ። በላቲን የሆሜር አካይያውያን አኪዊ ይባላሉ፤ ያች «ዊ» የጥንቱን አነጋገር ይዛ የቀረች ናት። በግሪክኛ የ«ው» ድምፅ በብዙ ቀበሌኛዎች ስለወደቀ ቀድሞ አካይዎይ የነበረው አካዮይ ሆኗል። ማይክል ቬንትሪስ በ1952 እ.ኤ.አ. ሊኒየር ቢ የተባለውን የነሐስ ዘመን የግሪክኛ ጽሕፈት ከፈታ በኋላ ይህ በጽላት ተደገፈ፤ በቀርጤስ በኖሶስ ቤተ መንግሥት የተገኘ አንድ ጽላት ስለ በጎችና ፍየሎች ሲመዘግብ «አ-ካ-ዊ-ያ-ዴ» የሚል ቃል ይዟል፣ «ወደ አካይዊያ» ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ዴ» አቅጣጫ አመልካች ነው። ቃሉ የቦታ ስም እንጂ የሕዝብ ስም አይደለም፤ ቦታውም እዚያው ቀርጤስ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። ከዚህ አንድ ጽላት ተነሥቶ «የነሐስ ዘመን ግሪኮች ራሳቸውን አካይያውያን ይሉ ነበር» ማለት ማስረጃውን ከአቅሙ በላይ ማሸከም ነው።

የበለጠ የሚያነጋግረው የኬጢያውያን ማኅደር ነው። በዛሬዋ ቱርክ በሐቱሳ ፍርስራሽ በተገኙ የሸክላ ጽሑፎች ላይ አሂያዋ የሚባል መንግሥት በተደጋጋሚ ይጠራል፤ ጽሑፎቹ በግምት ከ1400 እስከ 1200 ቅ.ል.ክ. ያሉ ናቸው። ኤሚል ፎረር በ1924 እ.ኤ.አ. አሂያዋ የሆሜር አካይያውያን አገር ነው አለ፤ ፈርዲናንድ ዞመር በ1932 አጥብቆ ተቃወመው። ዛሬ አብዛኞቹ ባለሙያዎች አሂያዋን በኤጅያን ባሕር ማዶ ከነበረ የማይሲናውያን (የነሐስ ዘመን ግሪኮች) ኃይል ጋር ያገናኙታል፤ ማእከሉ ማይሲን ይሁን ቴብስ ወይም ሌላ ቦታ አሁንም ያከራክራል።

ከጽሑፎቹ መካከል አንዱን ብቻ እንይ። የኬጢያውያን ንጉሥ አራተኛው ቱድሐሊያ ከአሙሩ ንጉሥ ከሻውሽጋሙዋ ጋር ባደረገው ውል ላይ ከራሱ ጋር እኩል የሚላቸውን ነገሥታት ይዘረዝራል፦ የግብፅ ንጉሥ፣ የባቢሎን ንጉሥ፣ የአሦር ንጉሥ፣ የአሂያዋ ንጉሥ። ጸሐፊው የመጨረሻውን ከጻፈ በኋላ ፍቆታል። ፍቀቱ በጽላቱ ላይ አሁንም ይታያል። ምን ያህል ክብር እንደሚገባው ሳይወስኑ የተጻፈ ስም መሆኑ ከዚህ ይነበባል፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን የተፋቀው ቃል ካልተፋቁት ይልቅ ብዙ ይናገራል።

በግብፅ በኩል፣ ፈርዖን ሜርኔፕታህ በነገሠ በአምስተኛው ዓመት፣ በ1208 ቅ.ል.ክ. ገደማ፣ ከሊቢያውያን ጋር ሆነው ከወጉት የባሕር ሕዝቦች መካከል ኤክዌሽ የሚባሉ አሉ። ብዙ መጻሕፍት ያለ ማመንታት አካይያውያን ይሏቸዋል። ድምፁ ይቀራረባል፤ ነገር ግን የግብፁ መዝገብ ኤክዌሾች የተገረዙ እንደሆኑ ያመለክታል፤ ግርዘት ደግሞ ከግሪኮች ጋር የሚያያዝ ልማድ አይደለም። የድምፅ መመሳሰልን ብቻ ይዞ መሮጥ የት እንደሚጥል ጥሩ ማሳያ ነው።

በጽሑፍ ላይ የሚከተለው ሕግ ከዚህ ይወጣል፦ አሂያዋን አሂያዋ፣ ኤክዌሽን ኤክዌሽ ብሎ ማስቀመጥ፤ ግንኙነቱን በሚቀጥለው አረፍተ ነገር ማብራራት። በትርጉም ውስጥ «የአካይያ ንጉሥ» ብሎ መተካት አንባቢው የማያየውን ክርክር በጸጥታ መዝጋት ነው። ስለ ሸክላ፣ ስለ መቃብር፣ ስለ ቤተ መንግሥት ሲጻፍ ደግሞ «ማይሲናውያን» ይሻላል፤ ይህ የዘመናችን አርኪኦሎጂስቶች ለባህሉ ያወጡት ስያሜ ስለሆነ ስለ ሰዎቹ የራስ መጠሪያ ምንም አይናገርም።

ነገዱና አገሩ

የጥንት ግሪኮች ስለ ስሙ አመጣጥ ሲጠየቁ የትውልድ ሐረግ ይቆጥሩ ነበር፦ ሄሌን ዶሮስን፣ ኤዮሎስንና ክሱቶስን ወለደ፤ ክሱቶስም ኢዮንንና አካይዮስን ወለደ። ይህ ታሪክ ስሙን አያብራራም፤ ስሙ አስቀድሞ ነበረና አባት ተፈለገለት። ስሙ ምን ማለት እንደነበር የሚያረካ መልስ የሰጠ የሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት የለም፤ «ኀዘን» ከሚለው የግሪክ ቃል ጋር የሚያያይዘውን ማብራሪያ ካገኙ በግጥም ጨዋታነቱ ብቻ ይያዙት።

በታሪክ ዘመን ሁለት አካይያ እናገኛለን። አንደኛው በደቡብ ተሳሊያ ያለው የፍትያ አካይያ ነው። የዴልፊን መቅደስ የሚያስተዳድረው የ12 ነገዶች ጉባኤ አባል የነበሩት «አካይያውያን» እነዚህ ናቸው፤ ከፔሎፖኔዞቹ ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። ሁለተኛው በሰሜን ፔሎፖኔዝ፣ በቆሮንቶስ ባሕረ ሰላጤ ዳር የተዘረጋው ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ 12 ክፍል ይቆጥርለታል፤ ቀድሞ የኢዮንያውያን ነበረ፣ አካይያውያን አስለቅቀው ያዙት ይላል። ፓውሳኒያስ ዶርያውያን ከአርጎስና ከላኬዴሞን ያባረሯቸውን አካይያውያን እየመራ ወደዚያ የወሰዳቸው የኦሬስቴስ ልጅ ቲሳሜኖስ እንደሆነ ይተርካል። ታሪኩ ለሆሜሩ ስምና ለዳርቻው ስም ድልድይ ይሠራል። ቋንቋቸው ግን ነገሩን ያወሳስበዋል፤ የታሪክ ዘመን አካይያውያን የሚናገሩት ከዶርያውያኑ ጋር የሚዛመድ የምዕራብ ግሪክ ቀበሌኛ ነው። አሮጌ የሰዋስው መጻሕፍት ደግሞ «የአካይያ ቀበሌኛ» ሲሉ አንዳንዴ የአርካዲያንና የቆጵሮስን ቀበሌኛ ማለታቸው ነው፤ ከመጥቀስ በፊት የትኛውን እንደሚሉ ማጣራት ያሻል።

ከ12ቱ ከተሞች አንዷ ሄሊኬ በ373 ቅ.ል.ክ. በአንድ ሌሊት በመሬት መንቀጥቀጥና በባሕር ማዕበል ጠፍታለች። ከዚያ ዓመት በኋላ ሄሊኬን ሕያው ከተማ አድርጎ የሚቆጥር ዝርዝር ከቆየ ምንጭ የተቀዳ ነው።

ስሙ ለፖለቲካም ያገለግል ነበር። የስፓርታ ንጉሥ ክሌኦሜኔስ በስድስተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በአቴና አክሮፖሊስ ወደ አቴና አምላክ መቅደስ ሊገባ ሲል ካህኒቱ ለዶርያውያን አይፈቀድም ብላ ከለከለችው። «እኔ ዶርያዊ አይደለሁም፣ አካይያዊ ነኝ» ብሎ መለሰ፤ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው። የስፓርታ ነገሥታት ዘራቸውን ዶርያዊ ካልሆነው ጀግና ከሄራክሌስ ስለሚቆጥሩ መልሱ ከሕዝባቸው ይለያቸዋል። እዚህ ጋ አካይያዊ ማለት የአካይያ ተወላጅ ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ኅብረቱና ሮም

በ280 ቅ.ል.ክ. ዲሜ፣ ፓትራ፣ ትሪቴያና ፋሬ የተባሉ አራት ከተሞች የተበተነውን ኅብረት እንደገና አቋቋሙ። በ251 አራቶስ ዶርያዊቷን ሲክዮንን ጨመረ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ከነገድ ወጥቶ ዜግነት ሆነ። የሜጋሎፖሊስ ሰው በትውልዱ አርካዲያዊ ነው፣ በኅብረቱ ግን አካይያዊ፤ የጦር አዛዡ ፊሎፖሜንና የታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢዮስ ሁለቱም እንዲህ ናቸው። ስለዚህ ከ251 በኋላ «አካይያውያን» ሲገኝ «የአካይያ ኅብረት» ብሎ መጻፍ በአብዛኛው ትክክል ነው፤ ትውልዱ የተፈለገ እንደሆነ የከተማውን ስም መጨመር ይበቃል። ሮም ኅብረቱን ያፈረሰችው ቆሮንቶስ በሮማዊው የጦር አዛዥ በሙሚየስ እጅ በጠፋችበት በ146 ነው።

አውግስጦስ በ27 ቅ.ል.ክ. አካይያን ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት አደረገ፣ መቀመጫውም ቆሮንቶስ ሆነ። አቴናም በዚህ ስም ሥር ትቆጠራለች፤ ይህ የጥንቱን አቴናዊ ባስገረመው ነበር። ፓውሳኒያስ ምክንያቱን ሲናገር፣ ሮማውያን ግሪኮችን ያሸነፉት የግሪክ መሪዎች የነበሩትን አካይያውያንን በማሸነፍ ስለሆነ ነው ይላል። የአስተዳደሩ ዓይነት ግን ተለዋውጧል፦ ከ15 እስከ 44 እ.ኤ.አ. በንጉሠ ነገሥቱ ሥር ከመቄዶንያ ጋር ተዳብሎ ነበር፤ በ44 ቀላውዴዎስ ለሴኔቱ መለሰው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ጋልዮስን በሴኔት ግዛት ሹም ማዕረግ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ትክክል ነው። በዴልፊ የተገኘው የቀላውዴዎስ የድንጋይ ጽሑፍም ጋልዮስን ስለሚጠቅስ ሹመቱ በ51 ወይም በ52 እ.ኤ.አ. አካባቢ ይውላል። በጳውሎስ መልእክቶች ውስጥ «አካይያ» ሁልጊዜ ይህ ግዛት ነው፤ ከሆሜር ጋር ማገናኘት አያስፈልግም። ከ1205 እስከ 1432 እ.ኤ.አ. የነበረው የመስቀል ጦረኞች መስፍንነት ስሙን ከዚህ ወረሰ፤ ዛሬም ፓትራ ያለችበት አውራጃ አካይያ ይባላል።

በአማርኛ ሲጻፍ

ቅርጹን «አካይያ»፣ «አካይያዊ»፣ «አካይያውያን» ብሎ ማጽናት ይሻላል፤ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ የሚያውቀው ይህንን ነው። አኬያ፣ አካያን፣ አኪያኖች እያሉ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ መቀላቀል አንባቢውን ሦስት ሕዝብ ያለ ያስመስለዋል። ግጥም የሚተረጉም ሰው የሆሜርን ሦስት ስሞች እንዳሉ ይያዝ፣ መጀመሪያ ሲመጡ አንድ ጦር መሆናቸውን በግርጌ ይናገር፤ ታሪኩን በዝርው የሚያሳጥር ግን አንዱን ይምረጥ። ከሁሉ የከፋው መደናገር አካሜኒድ ከሚባለው ሥርወ መንግሥት ጋር የሚፈጠረው ነው። አካሜኒዶች የፋርስ ነገሥታት ናቸው፣ ቂሮስ፣ ዳርዮስና ጠረክሲስ፤ ስማቸው ከአካሜኔስ ነው፣ ከአካይያ ጋር ዝምድና የለውም። በማሽን ትርጉም ውስጥ ሁለቱ ሲለዋወጡ ፋርሶች ግሪክን ከመውረር ይልቅ ራሳቸውን የወረሩ ይሆናሉ።

አንድ አረፍተ ነገር ወስደን እንፈትን፦ «በ198 ቅ.ል.ክ. አካይያውያን መቄዶንያን ትተው ከሮም ጋር ሆኑ።» ዘመኑ ከ251 በኋላ ነው። ከጎናቸው የቆሙት መቄዶንያና ሮም ናቸው። ስለዚህ ይህ የኅብረቱ ውሳኔ ነው፣ ጉባኤውም የተደረገው በሲክዮን፣ በዶርያውያን ከተማ ነው። አረፍተ ነገሩ «የአካይያ ኅብረት ጉባኤ ወሰነ» ተብሎ ይታረማል። «አካይያውያን ሁሉ» ተብሎ ግን አይሰፋም፤ የሜጋሎፖሊስ ልዑካን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጉባኤውን ጥለው ወጥተዋል፣ አብረዋቸው የወጡትም በ280 ኅብረቱን ካቋቋሙት አራት ከተሞች የአንዷ፣ የዲሜ ሰዎች ነበሩ።